መልህቅ የተሳለበት የላይል ቃል

ላይል ቶስትሩድ የወተት ቦቴ ሾፌር ነው። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ በሰሜን ዊስኮንሰን ከላም እርባታ ወደ ላም እርባታ እየዞረ ወተት ቀድቶ ለአይብ ፋብሪካ አስረክቧል። በዚህ ሁሉ ዘመን ሰው ሰላም ካለው ሰላም ይላል፣ ስለ አየሩ አንድ ቃል ይጨምራል፣ ይሄዳል። አምና ግን ልጁ ኤሚት ባሕር ኃይል ገባ፤ ላይልም በሃምሳ ስድስት ዓመቱ ወሬኛ ሆኖ አረፈው።

ኤሚት የገባው የባሕር ሰርጓጅ መርከብን የኑክሌር ሞተር የሚያንቀሳቅሱ መርከበኞች የሚሠለጥኑበት፣ እዚያ ደቡብ ያለ ትምህርት ቤት ነው። ትምህርቱ ምስጢር ነው። ደብተር ከሕንፃው አይወጣም፣ ስልክ ወደ ሕንፃው አይገባም። ልጁ ቀኑን ሙሉ ሲያጠና ይውልና እሑድ እሑድ ደውሎ "ደህና ነኝ፣ ጥሩ ነው" ብሎ ይዘጋል። እናት አባት ከዚህ የበለጠ አያውቁም። ስለዚህ ምንም የማያውቁ ሦስት መቶ ወላጆች በስልክ ተሰባስበው አንድ ግሩፕ ከፍተው፣ የማያውቁትን ነገር ጠዋት ማታ ይነጋገሩበታል።

ከሦስት መቶው ወንዶቹ ቢበዙ አሥራ አምስት ናቸው። ከእነሱም አፍ ያለው ላይል ብቻ ነበር። የቦቴው ፓምፕ ከአንድ እርባታ ወተቱን መጥጦ እስኪጨርስ ሃያ ደቂቃ ይፈጃል፤ እሱ ያን ሃያ ደቂቃ ጋቢና ውስጥ ተቀምጦ ግሩፑን ያነባል። ሲጨንቃቸው ያጽናናል፤ ቫልቭ ምን እንደሆነ፣ ግፊት ምን እንደሆነ በወተት ቦቴ እያስመሰለ ያስረዳል። ሴቶቹ "እማማ ላይል" ብለው ስም አወጡለት። ቤቱ ገብቶ ለሚስቱ ለጃኒን እያማረረ ነገራት፤ ሲያማርር ግን ፊቱ ፈክቶ ነበር።

"እነዚያ ሴትዮዎች የሚያውቁት ልጅህን ነው አንተን?" አለችው ጃኒን።

"እኔን ነዋ።"

"ታዲያ አንተን ነው የሚያሠለጥኑት?"

ጃኒን የጥርስ ሐኪም ቤት እንግዳ ተቀባይ ናት፤ አፉን ከፍቶ የሚያወራ ሰው ቀኑን ሙሉ ስለምታይ ቤቷ ስትገባ ጸጥታ ትወዳለች። ግሩፑ ውስጥ አልገባችም።

የግሩፑ አድሚን ሮንዳ ፓልሚሳኖ የምትባል የሉዊዚያና ሴት ናት። ልጇ ትሬንት ከኤሚት ጋር አንድ ክፍል ነው። ትሬንት በፈተና ስንት እንዳመጣ ግሩፑ ሳይሰማ የቀረበት ሳምንት የለም። አንድ ማክሰኞ ጠዋት ሮንዳ እንዲህ ብላ ለጠፈች፦

"ዛሬ ሆዴ ተቃጥሏልና ልተንፍስ። ልጄ ክፍል ውስጥ አንድ የማይገባው ልጅ አለ። አስተማሪዎቹ ለእሱ ሲደጋግሙ የእኔ ልጅ እጁን አውጥቶ ይጠብቃል። በእረፍት ሰዓት ማደሪያው ደረጃ ላይ ቁጭ ብሎ ያለቅሳል አሉ። አዝናለሁ፤ ግን አንድ ሰው ሁሉንም ወደ ኋላ መጎተት አለበት?"

ላይል ይህን ያነበበው የአንዱ እርባታ ወተት ወደ ቦቴው እየወረደ ሳለ ነው። ቡናው ሞቅ ብሎታል፣ ጠዋቱ ፀሐይ ነው፣ ሰውም ቃሉን ይጠብቃል። እንዲህ ብሎ ጻፈ፦

"ልጁን አትውቀሱት። የሚወቀሰው አባቱ ነው። ልጁ ለዚህ እንደማይሆን አባትየው ያውቅ ነበር፤ ሊነግረው ግን ፈራ። ልጁን የሚወድ አባት እውነቱን ይነግረዋል።"

ወተቱ ሳያልቅ መቶ አሥራ ሁለት ልብ ዘነበለት። ሮንዳም አልቀረችም፤ ረቡዕ ጠዋት ቃሉን በሚያምር ፊደል አጽፋ፣ ከግራና ከቀኝ መልህቅ አስላ፣ ከሥሩ "እውነትን ከማይፈራ አባት፣ ላይል ቶስትሩድ" ብላ ግሩፑ አናት ላይ ሰቀለችው። ላይል ጫማዋን እያሰረች ያለችውን ሚስቱን አስቁሞ አሳያት።

ጃኒን መነጽሯን አድርጋ አነበበች። "ልጁ የማን ነው?"

"ምን አውቄ።"

"ሳታውቅ ነው አባቱን የሰደብከው?"

"ስድብ አይደለም፤ ምክር ነው።"

"ደግ" አለች፤ "አባትየው ሲያገኝህ ያመሰግንሃል።" ቦርሳዋን አንጠልጥላ ወጣች።

የዚያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ሮንዳ ጨዋታው እንዳይቀዘቅዝ አንድ ነገር ጨመረች። "የዛሬው ደግሞ ይብሳል። ያ ልጅ ደረጃው ላይ እያለቀሰ ምን እንደሚበላ ታውቃላችሁ? የኦቾሎኒ ቅቤ በተጠበሰ ዳቦ፣ መሀሉ ላይ በኮምጣጤ የተዘፈዘፈ ጣፋጭ ኪያር! ትሬንት ዓይኑን ማመን አልቻለም።"

ከሥሩ ሳቁ ጎርፏል። አንዷ "ይህን የሚበላ ሰው ወደ ሞተሩ እንዳታስጠጉት" ብላለች። ሌላዋ "ምስኪን፣ እናት የለውም እንዴ?" ብላለች።

ላይል ስልኩን ወደ ዓይኑ አስጠጋ። ያን ሳንድዊች ከእሱ በላይ ማን ያውቀዋል። ኤሚት ገና የሰባት ዓመት ልጅ ሳለ ጀምሮ በክረምት እረፍቱ ቦቴው ላይ አብሮት ይወጣ ነበር፤ ምሳቸውን የሚሠራው ላይል ነው። ዳቦውን ጠብሶ፣ የኦቾሎኒ ቅቤውን ወፈር አድርጎ ቀብቶ፣ ጣፋጩን ኪያር በቁመቱ ሰንጥቆ ይደረድርበታል። ጃኒን ሽታውን ስለማትወድ ከቤት ውጭ ነው የሚበሉት። በአገሩ ሁሉ ይህን የሚበላ ሌላ ሰው ይኖር ይሆናል፤ ትሬንት ክፍል ውስጥ ግን ሁለት አይኖርም።

አናት ላይ የተሰቀለውን ቃሉን እንደገና አነበበው። የሚወቀሰው አባቱ ነው። መልህቆቹ ያብረቀርቃሉ።

መጀመሪያ የተቆጣው በሮንዳ ነው፤ በራስ ከመቆጣት ይቀላልና። አስተያየቱን አጠፋ። ሥዕሉ ግን የእሷ ነው፤ ማጥፋት አልቻለም። ቦቴውን ዳር አስይዞ ደወለላት።

"እማማ ላይል" አለች ሮንዳ፤ "ድምፅህን ሰምቼ አላውቅም እኮ፤ እንደጠበቅኩት ወፍራም ነው።"

"ሮንዳ፣ ያን ሥዕል አውርጂው። ስለ ልጁ የጻፍሽውንም አጥፊ።"

"ምነው? ሰው ሁሉ ወዶታል። ሰባት ሰው ወስዶ ሌላ ቦታ ለጥፎታል።"

"ልጁ ሰው ነው። ነገ ያነበዋል።"

"ስም አልጠራሁም።"

"ስም አልጠራሽም፤ የሚበላውን ግን ጠራሽ። ክፍሉ ሠላሳ ሰው ነው፤ የማይለየው ማን አለ?"

"ላይል፣ ይህ ግሩፕ መተንፈሻችን ነው። እናቶች ቤታቸው የሚያዳምጣቸው የለም። እዚህም ካልተነፈስን የት እንተንፍስ?"

"በሰው ልጅ ላይ ነው እንዴ የሚተነፈሰው?"

ሮንዳ ድምፅዋን አለሰለሰች። "ከሁሉ የከፋውን የጻፍከው አንተ ነህ እኮ። እኔ አዝናለሁ ብያለሁ። አባቱን ያነሣህብኝ አንተ ነህ። አሁን ምን ተገኘ? ልጁን ታውቀዋለህ?"

እዚህ ላይ ምላሱን ነከሰ። የእኔ ልጅ ነው ቢል፣ ማታ ሦስት መቶ ሰው የኤሚትን ስም ያውቃል። አላውቀውም ቢል ደግሞ ልጁን መካድ ሆነበት።

"ማንም ይሁን" አለ በመጨረሻ። "ወይዘሮ ፓልሚሳኖ፣ የእርስዎ ልጅ ሰው ሲያለቅስ አይቶ አጠገቡ እንደ መቀመጥ ለእናቱ ወሬ ያቀብላል። እኔ እርስዎን ብሆን በዚያ ነበር የማፍረው።"

ስልኩ ተዘጋ። ላይል ሞተሩን አስነሥቶ ሁለት ማይል ሳይሄድ ስልኩ ጮኸ፤ የመተሳሰብ ደንብ ስለጣሰ ከግሩፑ መሰናበቱን የሚገልጽ መልእክት ነበር። የመተሳሰብ ደንብ! ለመሪው፣ ለመንገዱ፣ ለበቆሎው ማሳ እየጮኸ ፋብሪካው ድረስ ነዳ። ሥዕሉ እዚያው ነው፣ ስሙ እዚያው ነው፤ እሱ ብቻ ነው የወጣው።

ማታ እራት ላይ ለጃኒን ሁሉንም ነገራት። ሹካዋን አስቀመጠች። የሚፈራው "ብዬህ ነበር" የሚለውን ነበር፤ እሷ ግን አላለችም።

"እናት የለውም እንዴ ያለችው የትኛዋ ናት?" አለች።

"ጃኒን፣ አሁን እሱ ነው ነገሩ?"

"ለእኔ እሱ ነው።" ፊቷ ቀልቷል። "የትምህርት ቤቱ አለቃ ጋ ልደውል?"

ይህን ማንም አያደርገውም። ግሩፑ ውስጥ ሁሉም የሚስማሙበት አንድ ነገር ቢኖር ይህ ነው፦ ወላጅ ትምህርት ቤቱ ዘንድ ከደወለ ልጁ እስኪመረቅ ድረስ "እናቱ የደወለችለት" እየተባለ ይኖራል። ጃኒንም ታውቃለች። ስለዚህ ላይል ለልጁ "ስትችል ደውልልኝ" ብቻ ብሎ ጻፈ።

ኤሚት ሐሙስ በምሳ ሰዓት ደወለ። ተማሪዎቹ ስልካቸውን መኪና ውስጥ ስለሚተዉ፣ እሱም መኪናው ውስጥ ሆኖ ነው። ላይል ጋቢናው ውስጥ ነበር፤ ፓምፑ ያጓራል።

"ወተት እየቀዳህ ነው" አለ ኤሚት።

"አዎ። ኤሚት፣ ስማኝ..."

"አይቼዋለሁ፣ አባዬ። ትሬንት አትሞ የማደሪያዬ በር ላይ ለጥፎታል። መልህቁ ጥሩ ነው።"



"እኔ የገረመኝ" አለ ልጁ ቀስ ብሎ፤ "ለእኔ የጻፍከው መስሎኝ ነበር። እንደወደቅኩ ሰምተህ፣ ፊት ለፊት መናገር አቅቶህ በዚያ በኩል የነገርከኝ። ከትናንት ጠዋት ጀምሮ እንደዚያ ነው ያሰብኩት።"

"አላወቅኩም ነበር። በእናትህ እምላለሁ፣ አንተ መሆንህን አላወቅኩም። ባውቅ ኖሮ እጄ ይቆረጥ ነበር እንጂ..."

"የሌላ ሰው ልጅ መስሎህ ነው።"

"አዎ።"

"ያ ደግሞ ይሻላል?"

ፓምፑ ወተቱን ጨርሶ አየር መሳብ ጀመረ። ላይል ወርዶ ማጥፋት ነበረበት፤ አልወረደም። በሃያ ስድስት ዓመት እንዲህ አድርጎ አያውቅም።

"አይሻልም" አለ።

"ነገ ጠዋት ቦርድ ፊት እቀርባለሁ" አለ ኤሚት። "ያባርሩኝ ወይም ያቆዩኝ እንደሆነ እዚያ ይወሰናል። አንድ ነገር ልጠይቅህ። እንደማልሆን ታውቅ ነበር?"

ላይል ቸኩሎ "ትችላለህ" ሊል ነበር፤ ግሩፑ ውስጥ ለስንቱ እናት እንዲህ ብሎ ጽፏል። ቃሉ ግን ከአፉ አልወጣ አለ።

"የምትማረውን አላውቅም" አለ። "አያሳዩኝም፤ ቢያሳዩኝም አይገባኝም። የማውቀው አሥራ አራት ዓመትህ ላይ ይህን ፓምፕ ፈትተህ ሦስት ጊዜ ስተህ መግጠምህን ነው። ሦስቱንም ጊዜ ተናደህ አልቅሰሃል። በአራተኛው ሠራ። እስካሁን ይሠራል፤ ይሄው ያጓራል።"

ኤሚት አፍንጫውን ሳበ። "አየር እየሳበ ነው። አጥፋው፣ ይቃጠላል።"

"ይቃጠል።"

"አጥፋው አባዬ።"

ወርዶ አጠፋው። ሲመለስ ልጁ እየጠበቀው ነበር።

"ለሴትዮዋ ምንም እንዳትጽፍ" አለ ኤሚት። "ቦርዱ እስኪያልቅ ስሜን እንዳታነሣ። ስለ እኔ አንድም ሰው ሳያወራ ገብቼ መውጣት እፈልጋለሁ። ከዚያ በኋላ የፈለግከውን በል።"

አርብ ላይል ሦስት እርባታ ሄዶ የት የት እንደሄደ አያስታውስም። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ስልኩ ጮኸ። አላባረሩትም። ስድስት ሳምንት ወደ ኋላ መልሰው፣ ከሚቀጥለው ክፍል ጋር እንደገና እንዲጀምር ወሰኑለት።

"እና ትሬንት?" አለ ላይል።

"ትሬንት ወደፊት ሄዷል። እኔ ሌላ ክፍል ነኝ።" ከዚያ ሣቀ፤ ብዙ ጊዜ ያልተሰማ ሣቅ ነበር። "አሁን ጻፍ የምትጽፈውን። ሳንድዊቹ ደግሞ ጥሩ እንደሆነ ንገራቸው።"

ለማን እንደሚጽፍ ግን ግራ ገባው። ከግሩፑ ወጥቷል። ቅዳሜ ጠዋት ጃኒን ወደ ሥራ ስለማትሄድ ምሳ ጠረጴዛው ላይ አብራው ተቀምጣ፣ የአዲሱን ክፍል ወላጆች ግሩፕ ፈልጋ አገኘችው። ራሷም ገባች፤ እሱንም አስገባችው። አድሚኗ ሌላ ሴት ናት፤ ትሑት የምትመስል። ግሩፑ እንደተከፈተ ግን ከላይ፣ አናቱ ላይ፣ ሁለት መልህቅ ታየ።

ልጁን አትውቀሱት። የሚወቀሰው አባቱ ነው።

ከሥሩ አርባ አስተያየት ነበር። "እንዴት ያለ እውነት ነው።" "ለባሌ አነበብኩለት።" የመጨረሻዋ ሴት ደግሞ "ይህ ላይል የሚባለው ሰውዬ ማነው? እንዲህ የሚናገር ሰው ልጁ እንዴት ያለ ጎበዝ ይሆን" ብላ ጠይቃለች።

ጃኒን ስልኩን ገፋ አድርጋ ፊቱ አደረገችው። ላይል የሚጽፈው በሁለት ጣት ብቻ ነው፤ ጣቶቹ ወፋፍራም ስለሆኑ ፊደል እየሳተ፣ እየሰረዘ፣ እንደገና እየጀመረ ቆየ። አንዴ ረጅም ነገር ጽፎ ነበር፤ ስለ ሮንዳ፣ ስለ ትሬንት፣ ስለ መተሳሰብ ደንብ። ጃኒን በትከሻው በኩል አነበበችና "ይህን አጥፋ። እሷ ሌላ ግሩፕ ናት። እዚህ ያለው የአንተ ቃል ነው" አለችው። እያጉረመረመ አጠፋው።

የቀረው ይህ ነው፦

"ላይል እኔ ነኝ። ይህን የጻፍኩት ስለማላውቀው ልጅ ነው። ልጁ የእኔ ሆኖ ተገኘ፤ ከሰኞ ጀምሮ ከእናንተ ልጆች ጋር ይቀመጣል። ደረጃ ላይ ሲያለቅስ ካዩት አጠገቡ እንዲቀመጡ ለልጆቻችሁ ንገሯቸው፤ ሳንድዊቹ ለሁለት ይበቃል። ይህን ሥዕል አውርዱልኝ።"

ላከው። ከዚያ እጁን ደረቱ ላይ አጣምሮ፣ ማን ቀድሞ እንደሚመልስ በቁጣ ስልኩን ማየት ጀመረ።