ደም ሳይደርቅ መብላት

ሰውዬው ሲበላ የሚነጥቀው ሰው ያለ ይመስል ነበር። ትሪውን በግራ ክንዱ አጥሮ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ አንዱ ጉርሻ ሳይወርድ ሌላውን ይጠቀልላል። እኔ ደግሞ እያየሁ ዝም ማለት አልችልም።

«ጋሼ፣ ቀስ! ፍርፍሩ እግር የለውም፣ አያመልጥህም» አልኩት።

ቀና ብሎ አየኝና ሳቀ። «አመል ሆኖብኝ ነው። የነበርኩበት ቦታ ለአንድ ሳህን ብዙ እጅ ነበር።»

«ወታደር ነበርክ?»

«ከዚያ የባሰ» አለና ወደ ትሪው ተመለሰ።

ጉደር፣ መኪና ማቆሚያው አጠገብ፣ እቴ እንግዳወርቅ ቁርስ ቤት ነው የምሠራው። ሳህን አጥባለሁ፣ አቀርባለሁ፣ ሳይከፍል የሚወጣ ካለ በምላሴ እመልሰዋለሁ። ትምህርት ከአምስተኛ ክፍል ነው ያቆምኩት፤ እማዬ ግን «አፍሽ ዩኒቨርሲቲ ጨርሷል» ትለኛለች።

ሰውዬው በነጋታውም መጣ፣ ከዚያም መጣ። ተሬፋ እባላለሁ አለኝ። አንድ ቀን ቤቱ ጭር ብሎ ሳለ፣ «ኢንታላ ኮ» አለኝ፣ ልጄ ማለቱ ነው፣ «ብቻዬን መብላት ጠፋብኝ፤ ነይ አብረሽኝ ቅመሺ።»

የነፃ ቁርስ ማን ይጠላል? ተቀመጥኩ። አጎረሰኝ። እኔም የጡብ ያህል ጠቅልዬ አጎረስኩትና ጉንጩ ሲነፋ በሳቅ ሞትኩ። «አንድ ጉርሻ ያጣላል» ብሎ ሁለተኛ ጠቀለለልኝ።

ይህኔ ነው ኦቦ አያና የገቡት። ከጌዶ የሚመጡ ሽማግሌ ናቸው። እኛ ቤት በር ላይ ለዕርቅ ለምለም ሣር ይዘው እየቆሙ፣ እማዬ ግቡ ሳትላቸው ስንቴ መልሳቸዋለች። ትሪው ላይ ያለውን የእኔን እጅ አዩ፣ የሱን እጅ አዩ፣ ከዘራቸው ከእጃቸው ወደቀ።

«ጃለኔ! ከማን ጋር ነው የምትበይው?»

«ከጋሼ ተሬፋ ጋር። ይቀመጡ ኦቦ፣ ጋባዡ እሱ ነው።»

«ያ ዋቃ!» ብለው ፈጣሪን እየጠሩ ግድግዳውን ያዙ። «ተሬፋ፣ ይቺ እኮ የነጋሳ ልጅ ናት።»

የተሬፋ እጅ ጉርሻውን እንደያዘ አየር ላይ ቀረ። ፊቱ አመድ መሰለ። ከወንበሩ ተንሸራቶ መሬት ላይ ተንበረከከ። እኔ አፌ ውስጥ ያለውን መዋጥም መትፋትም አቅቶኝ ወደ ጓሮ ሮጥኩ።

ነጋሳ አባቴ ነው። የተገደለው እኔ ጡት ሳልጥል ነው። የገደለው ሰው ተፈርዶበት ታሰረ፣ እኛም ከጌዶ ገጠር ወጥተን ጉደር ገባን። በቅርቡ ሰውዬው በይቅርታ ተፈታ ሲባል ሰምተናል። ቤታችን ስሙ አይጠራም፤ «ያ ሰውዬ» ነው የሚባለው። እኛ ጋ መንግሥት አስሮ ስለፈታ ደም አይደርቅም። ሽማግሌ ገብቶ፣ ጉማ፣ የደም ካሣው፣ ተከፍሎ፣ ገዳይ ጥፋቱን ተናግሮ እስኪታረቁ ድረስ የሟች ወገን ከገዳይ ጋር ከአንድ ትሪ አይበላም፣ በአንድ ጣሳ አይጠጣም። ይሄን ሕፃን ያውቀዋል። እኔም አውቃለሁ። የማላውቀው መልኩንና ስሙን ነበር።

ቤት ስደርስ እማዬም ፍሮምሳም ነበሩ። ፍሮምሳ ወንድሜ ነው፣ የአምቦ ሚኒባስ ረዳት፤ ያን ቀን መኪናው ተበላሽቶበት ተኝቶ ነበር። ነገርኳቸው። እማዬ ጨው በውሃ በጥብጣ አፌ ላይ ደቀነችብኝ።

«ጣትሽን ጉሮሮሽ ውስጥ ክተቺ! አውጪው!»

«ወርዷል እማዬ! ምን ላድርግ፣ ሆዴን ልቅደደው?»

ሌላ ጊዜ ቢሆን በጥፊ ነበር የምትለኝ። አልነካችኝም። ይሄ ራሱ አስፈራኝ።

ፍሮምሳ ጫማውን እያሰረ ነበር። «መንግሥት ያሰረው ለራሱ ነው» አለ። «የመንግሥትን ሕግ ጣሰ፣ ለመንግሥት ታሰረ፣ መንግሥት ይቅር አለው። እኔን ማን ጠየቀኝ?» ከበሩ ኋላ ገጀራውን አንስቶ ወጣ።

«እማዬ፣ አስቁሚው እንጂ!»

እማዬ ደፉ ላይ ቁጭ አለች። «ይሂድ።»

እማዬ ዶሮ ሲታረድ ፊቷን የምታዞር ሴት ናት። የሰማሁትን አላመንኩም።

«እኔ ፍርድ ቤት ቆሜ የሰማሁትን አንቺ አልሰማሽም» አለች። «ነጋሳ ቀድሞ በዱላ መታኝ አለ። ምስክር አቆመ። ዳኛው ለዚያ ብሎ ቀነሰለት። ባሌን ገድለው ሲያበቁ ፀበኛ አድርገው ቀበሩልኝ። ይሂድ ልጄ።»

እኔ ሮጥኩ። ጫማዬ መንገድ ላይ ቀረ።

ተሬፋ አልሸሸም። ቁርስ ቤቱ ደጃፍ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ነበር። ኦቦ አያና ከፊቱ ሣር ይዘው ቆመዋል፤ ሰው ተሰብስቧል፣ ስልክ አውጥቶ የሚቀርፅም አለ። ፍሮምሳ ሽማግሌውን በክንዱ ገፍቶ አለፈ። ደርሼ ከኋላ ቀበቶውን ይዤ ተንጠለጠልኩ።

«ለምን አልሸሸህም?» አለው ፍሮምሳ። ሲሮጥ ሊያሳድደው አስቦ ነበር መሰለኝ፣ ግራ ገባው።

«ተነስቼ ነበር። ግን ከእህትህ እጅ ጎርሼ የት ልሂድ?» አለ ተሬፋ። «ሳትመታኝ በፊት ስማኝ። ፍርድ ቤት ያልኩት ውሸት ነው። ነጋሳ አልመታኝም። ዱላም አልያዘም። በሬዬ ማሳው ገብቶበት እየተሳደበ ነበር፣ በሬውን ራሱ እየነዳ ሊያወጣልኝ ጀርባውን ሰጠኝ። ከኋላው ነው የመታሁት።»

ኦቦ አያና የያዙትን ሣር አዩት፣ ከዚያ መሬት ጣሉት።

«እኔንም ዋሽተኸኝ ነው በዚህ እድሜዬ የሰው በር ያስቆምከኝ?»

ፍሮምሳ ገጀራውን አነሳ። እኔ ያኔ ቀበቶውን ለቀቅኩት። አልተንሸራተተኝም። ለቀቅኩት።

«ፍሮምሳ!»

እማዬ ነበረች። ነጠላ እንኳ አልደረበችም። ሰዉን ሰንጥቃ ገብታ ተሬፋ ፊት ቆመች።

«ድገመው» አለችው።

ደገመው።

«አልሰማሁህም።»

ጮክ ብሎ ደገመው። እማዬ ዓይኗን ጨፈነች። ስትከፍተው እጇን ለፍሮምሳ ዘረጋች፣ «ገጀራውን አምጣ።» ራሷ ልትመታው መሰለኝ። ተቀብላ እንደ ጃንጥላ ብብቷ ስር ሸጎጠችው።

«እሱን ከገደልከው ይሄን ቃል ማን ይናገርልኛል? አፉን እፈልገዋለሁ።»

«እና በነፃ ይሂድ?» ፍሮምሳ እንደ ሕፃን አለቀሰ።

«ነፃ ማን አለ? ነጋሳ የተሰደበበት አገር ሁሉ ይዙር። ጉደር ገበያ ይቁም፣ ጌዶ ይቁም። ምስክሮቹ ካቺሲ ገብተዋል ሲሉ ሰምቻለሁ፣ ካቺሲም ይሂድ። ነጋሳ ጀርባውን ሰጥቶኝ ነበር፣ ከኋላው መታሁት ይበል። ሰው እስኪሰለቸው ይበል። ጉማ ከዚያ በኋላ ነው።»

«አዴ ጉዴ» አሉ ኦቦ አያና እማዬን በስሟ ጠርተው፣ «ይሄ እኮ በሥርዓታችን የለም።»

«ደም ሳይደርቅ መብላትስ አለ?» አለች ወደ እኔ እየጠቆመች። ሽማግሌው ጎንበስ ብለው የጣሉትን ሣር አነሱት።

ከሁሉ የደነገጥኩት በተሬፋ ነው። ለገጀራው ንቅንቅ ያላለ ሰው አሁን እማዬ እግር ስር ወድቆ ቀሚሷን ያዘ። «አዴ፣ ከዚህስ ገጀራው ይሻለኛል። ልጆች አሉኝ። ይሰማሉ።»

«የኔም ልጆች ሰምተዋል» አለችና ቀሚሷን ነጥቃው ሄደች።

በገበያው ቀን ተሬፋ ከብት ተራ ቆመ። እማዬ አትሂጂ ብላኝ ነበር፤ ሄድኩ። ፍሮምሳ እጁን አጣምሮ ፊት ለፊቱ ቆሟል። ተሬፋ መጀመሪያ ሲናገር የበሬዎቹ ድምፅ ዋጠው። ሁለተኛ ሲናገር አንዱ ሳቀበት፣ አንዱ ምራቁን ተፋበት። እኔ ደስ ይለኛል ብዬ ነበር የመጣሁት። ደስ ግን አላለኝም።

አጠገቤ ፍየል የምትገዛ ሴትዮ ክንዴን ጎሰም አደረገችኝ። «ይሄ እብድ ማነው?»

«አባቴን የገደለው ነው።»

ከላይ እስከ ታች አየችኝ። «ታዲያ እዚህ ቆሞ ምን ያደርጋል?»

«እየተቀጣ ነው።»

«በአፉ ብቻ?» አለችና የፍየሏን ከንፈር ገልብጣ ጥርሷን ማየት ቀጠለች። ተሬፋ ላቡን ጠርጎ እንደገና ከአባቴ ስም ጀመረ።