የይሄይስ አንድ ዓይን

ሰው ስለ እኔ ሲያወራ «ላቀው፣ ሜክሲኮ ድረስ ሄዶ የተማረው ሠዓሊ» ይላል። ልክ ነው፣ ሄጃለሁ። የተማርሁት ግን አራት ወር ብቻ ነው። አራት ወር ጤፍ ተዘርቶ እስኪታጨድ ያለው ጊዜ ነው፤ እኔ ግን በዚያ ጊዜ ውስጥ አባቶቼን ሁሉ የበለጥሁ መስሎኝ ነበር። በትምህርቱ አላመካኝም። ጥፋቱ የራሴ ነው፤ በእሱም የእኅቴ ባል ሞተ።

በእኛ አገር የቤተ ክርስቲያን ሥዕል አንድ ሕግ አለው። ጻድቅ ፊት ለፊት፣ በሁለት ዓይኑ ይሣላል። ሰይጣን፣ ይሁዳና ጌታን የሰቀሉት ደግሞ በጎን፣ በአንድ ዓይን ይሣላሉ። ፊደል ያልቆጠረ ገበሬ ግድግዳውን አይቶ ማን ከማን ወገን እንደሆነ የሚለየው በዚህ ነው። እኔም ይህን ከመሪጌታ ቢሰጥ የተማርሁት ጢም ሳላወጣ ነው። መሪጌታ ከቡሬ ግማሽ ቀን በሚያስኬደው ደብራችን፣ በቅዱስ ሚካኤል፣ ሥዕልም ቅኔም ያስተምሩ ነበር።

በ፲፱፻፳፮ ዓ.ም. አንዲት ፈረንጅ ሠዓሊ የግሽ ዓባይን ምንጭ ልታይ ስትሄድ በደብራችን አለፈች። የሣልሁትን አይታ ወደደችው። ሜክሲኮ ውስጥ ከየአገሩ ለሚመጡ ሠዓልያን አጭር ትምህርት እንደሚሰጥ ነግራኝ፣ የመርከቡንም የምግቡንም ችላ ወሰደችኝ። መንገዱ ከትምህርቱ አይተናነስም ነበር። መርከብ ላይ ማዕበሉ ሲያናውጠን ቅዱስ ሚካኤልን የተሳልሁት ስለት ገና ተከፍሎ አላለቀም።

እዚያ ያየሁት ነገር አእምሮዬን አዞረው። በመንግሥት ሕንፃ ግድግዳ ላይ ገበሬው ከነጭቃ እግሩ፣ ሸማኔው ከነመወርወሪያው፣ በቆሎ የምትፈጭ ሴት ከነልጇ ቤት የሚያህሉ ሆነው ተሥለዋል። ለመልአክ የምንሰጠውን ቦታ እነሱ ለቀን ሠራተኛ ሰጥተውታል። በጥቅምት ማብቂያ ደግሞ ሕዝቡ ሙታኑን ሲያስብ አየሁ። መቃብሩን በቢጫ አበባ ሸፍነው፣ ሟቹ በሕይወቱ የሚወደውን እንጀራና መጠጥ አጠገቡ አኑረው፣ እያወሩና እየዘፈኑ ያመሻሉ። ተዝካር በየአገሩ አለ ማለት ነው ብዬ አለቀስሁ፤ አገሬ ናፍቆኝ ነበር።

አንድ ቀን መምህራችን ገበያ ወስዶን ያያችሁትን ሣሉ አለን። ሣልሁ። ሻጩንም ሸማቹንም፣ ሸክላ የምትሠራዋንም፣ ሁሉንም ፊት ለፊት፣ ዓይናቸውን አፍጥጬ። መምህሩ አየና «እነዚህ ሰዎች ሥራ የላቸውም ወይ? ሁሉም እኔን ነው የሚያዩት» አለ። ክፍሉ ሳቀ። አስተርጓሚው እስኪነግረኝ ድረስ እኔም አብሬ ስስቅ ነበር። ሲገባኝ አፈርሁ። በማግሥቱ የጥንት ነገሥታታቸው የተቀረጹበትን ድንጋይ አሳየኝ፤ ሁሉም በጎን ናቸው፣ ሁሉም አንድ ዓይን። ንጉሥ እንዲህ ከተሣለ ገበሬ ምን ይጎድልበታል አልሁ በልቤ።

ዋናውን ጥበብ ያስተማረኝ ግን ግድግዳ የሚለስን አንድ ሽማግሌ ነው። ቀለሙ በጨርቅ ላይ አይቀባም። የዛሬ ሥራህን የምታህል ቦታ ብቻ በኖራ ትለስናለህ፣ ኖራው እርጥብ ሳለ በውሃ የተበጠበጠ ቀለም ታጠጣዋለህ፣ ማታ ሲደርቅ ሥዕሉ ከግድግዳው ጋር አንድ ይሆናል። ከደረቀ በኋላ ልመልስህ ብትለው እሺ አይልም። ማረም ከፈለግህ በመዶሻ ትፈነቅለዋለህ።

ተመልሼ ብዙም ሳልቆይ ጣሊያን መጣ። ቡሬ ላይ ምሽግ ሠራ። በ፲፱፻፴ ዓ.ም. በበጋው አርበኛ ፍለጋ ወጥቶ ሲያጣ ደብራችንን አቃጠለ። ሕዝቡ ክረምቱን በጭቃና በእንጨት መልሶ አቆመው፤ ክዳኑንም በሣር ከደነ። ግድግዳው ግን ባዶ ቀረ። ሥለን ግድግዳ ላይ የምንለጥፈው አቡጀዲ ከየት ይምጣ? ሰው መገነዣ አጥቶ በደበሎ የሚቀበርበት ዘመን ነበር። ያኔ «ኖራ አምጡልኝ እንጂ ጨርቅ አያስፈልገኝም» አልሁ፤ እንዲህ የምልበት ቀን መምጣቱ፣ እውነቱን ልናገር፣ ደስ ብሎኝ ነበር።

ኖራ ያለው ጣሊያኑ ዘንድ ነው። እሱን የሚያመጣልን ደግሞ የእኅቴ የሀብትነሽ ባል ይሄይስ ሆነ። ይሄይስ ግንበኛ ነው። ጣሊያን ይዞ ምሽጉን ያስገነባዋል፤ በየሁለት ሳምንቱ አንድ ቀን ወደ ቤቱ ይለቀዋል። ሰው ሁሉ ባንዳ ሆነ ብሎ ያማው ነበር። እውነቱን የምናውቀው ሦስት ነን፤ እኔ፣ ሀብትነሽና ሃይለ ሚካኤል የሚባል ገበሬ። ይሄይስ የውስጥ አርበኛ ነበር። ጦሩ መቼ እንደሚወጣና በየት እንደሚሄድ ከምሽጉ ሰምቶ ለሃይለ ሚካኤል ይነግረዋል፤ ሃይለ ሚካኤል በሰከላ ዱር ላሉት አርበኞች ያደርሳል። ምሥጢር እንዳይወጣ ወሬውን ከማን እንደሚሰማ ለአርበኞቹ አልነገራቸውም። ከኖራው ከረጢት በታች የተደበቀ ጥይትም ይመጣ ነበር።

ከቅዱስ ሚካኤል ሥዕል በታች ደብሩን መልሰው የሠሩትን ሰዎች ልሣል አልሁ። ሽማግሎቹ ደስ አላቸው። ስምንት ሆነው፣ ንጹሕ ለብሰው፣ ተራ በተራ ተቀምጠው ተሣሉ፤ ፊት ለፊት፣ በሁለት ዓይን። ይሄይስ ግን መቀመጫ ጊዜ አልነበረውም። በዚያች አንድ ቀኑ ኖራውን ያቦካል፣ ይለስንልኛል፣ ሲመሽ ወደ ምሽጉ ይመለሳል። እኔም እንደቆመ፣ ጎንበስ ብሎ ኖራውን ሲያይ፣ በጎኑ ሣልሁት። በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ሥዕል ሥዬ አላውቅም። የክንዱ ጅማት ይታያል፤ ደግነቱ ይታያል።

ይሄይስ መጥቶ አየና ጢሙን አሸት አደረገ።

«አያ ላቀው፣ አንዱን ዓይኔን የት ጣልኸው?»

«ሥራ ላይ ነህ። ያኛው ዓይንህ ኖራውን ነው የሚያይ።»

«እኔስ እሺ። ሀብትነሽ ያገባችው ባለ ሁለቱን ነው፤ ለሷ አንተው መልስ» አለና ሳቀ።

መሪጌታ ቢሰጥ ግን አልሳቁም። በመቋሚያቸው ተደግፈው ብዙ ቆዩ።

«ልጄ፣ ይሄይስን ከነማን ጋራ ነው የቆጠርኸው?»

«የኔታ፣ በሜክሲኮ ነገሥታቱ ሁሉ እንዲህ ነው የሚሣሉት።»

«እኔንስ ነገርኸኝ፣ ገባኝ። አንተ ሳትኖር መጥቶ የሚያየውሳ? ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ ይባላል። ፍቀውና ዳግመህ ሣለው።»

«አገሩ ይልመደዋ» አልኋቸው።

ለመሪጌታ እንዲህ ያለ መልስ መልሼላቸው አላውቅም ነበር። መቋሚያቸውን አንሥተው ወጡ። ፀሐይዋ ገና አልጠለቀችም፤ ኖራውም እርጥብ ነበር። በጣቴ ነክቼ አይቼዋለሁ። ተቀምጬ እስኪደርቅ ጠበቅሁት።

በጥቅምት መጨረሻ ሃይለ ሚካኤል በተስቦ ታሞ በሦስተኛው ቀን ሞተ። ይሄይስ ከዱሩ ጋር የሚያገናኘው ሰው አጣ።

ኅዳር ፲፪ የሚካኤል ዕለት፣ ደብሩ ታቦቱ ገብቶለት ሲከበር፣ ግራዝማች ተስፋው አርባ ያህል ሰው አስከትለው ከሰከላ መጡ። ደግ ሰው ናቸው፣ ጸሎተኛም ናቸው። ባለፈው ዓመት ግን ባንዳ አታሏቸው ታናሽ ወንድማቸውን ቀብረዋል፤ ከዚያ ወዲህ ማንንም አያምኑም ይባል ነበር። ተሳልመው ገቡና ሥዕሉን ከዳር እስከ ዳር ተመለከቱ። ከሚካኤል እግር ሥር ካሉት ዘጠኝ ሰዎች አንዱ ላይ ቆሙ።

«ይኸ አንድ ዓይናው ማነው?» አሉ።

አጠገባቸው የነበረ ሰው፣ ክፉ ሳያስብ፣ «የሠዓሊው የእኅት ባል ነው። ቡሬ ለጣሊያን ይገነባል» አለ።

እኔ ያን ጊዜ ደጀ ሰላም ተቀምጬ፣ ጠላዬን ይዤ፣ ስለ ሜክሲኮ እያወራሁ ነበር። ሰውም «እጅህን ይባርከው» ይለኛል። ይሄይስ በዚያው ሰዓት ከቡሬ እየሮጠ ደረሰ። የሚነግርለት ሰው ስለሌለ ራሱ ሊናገር ግራዝማችን ፈልጎ ሄደ። ፊቱን ሲያዩ አወቁት፤ ግድግዳው ላይ አይተውታል። ሳይጨርስ አሰሩት።

የነገራቸው ይህ ነው። ጦሩ ሐሙስ ጎሕ ሲቀድ ይወጣል። በትልቁ መንገድ የሚመጣው ጥቂት ነው፤ ብዙው በወንዙ ሥር ዞሮ ከኋላ ይገባል። ግራዝማች የሰሙት ግን ባንዳ መንገዱን ልቀቁልን ሲላቸው ነው።

በማግሥቱ ማክሰኞ ጠዋት ከደብሩ ውጭ ካለው ሾላ ሥር ፍርድ ተቀመጠ። ግራዝማች እግር ላይ ወደቅሁ። ይሄይስ የሠራውን ሁሉ፣ የሃይለ ሚካኤልንም ነገር ተናገርሁ።

«ሃይለ ሚካኤል የት አለ?»

«ሞቷል፣ ጌታዬ።»

«ምስክርህ ሙት ነዋ። ሥዕሉንስ ማን ሣለው?»

«እኔ ነኝ። ግን የሜክሲኮ አሣሣል ነው። እዚያ አንድ ዓይን ክፉ ማለት አይደለም።»

መሪጌታም ወጥተው ይኸንኑ መሰከሩ፤ ነግሮኝ ነበር አሉ። ግራዝማች ለእሳቸው ተነሥተው፣ እጅ ነሥተው፣ ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። አልተቆጡም። የሚያዝኑልኝ ይመስሉ ነበር።

«ሜክሲኮ የሚባል አገር አላውቅም። ቤተ ክርስቲያን ግን አውቃለሁ። ስምንቱን በሁለት ዓይን ሥለሃል፤ አሣሣሉን ታውቀዋለህ ማለት ነው። ይኸን አንዱን ለይተህ ከሚካኤል እግር ሥር አንድ ዓይን ያደረግኸው ብታውቅበት ነው። እጅህ በእግዜር ቤት የመሰከረውን አፍህ ሾላ ሥር ይክዳል? እኅትህ መበለት እንዳትሆን ነው። አልፈርድብህም።»

የተናገሩት ሁሉ በአገራችን ሕግ ልክ ነበር። አንድ ቀን ስጡኝ፣ ፈንቅዬ ልሣለው አልሁ። ከሰዎቻቸው አንዱ ሳቀ።

ይሄይስ እስከ መጨረሻው የለመነው ስለ ራሱ አልነበረም። «ስቀሉኝ፣ ግድ የለም። ግን ወንዙን ጠብቁ» ይላል። ሀብትነሽ እየሮጠች ደረሰች። ጥይት እንዳይባክን በጠፍር ሰቀሉት፤ የሾላው ቅርንጫፍ ሲወዛወዝ ቆየ። ባንዳ ነው ተብሎ በቅጥሩ ውስጥ መቃብር ተከለከለ። እኔና ሀብትነሽ መንገድ ዳር ቆፍረን ቀበርነው፤ መሪጌታ ብቻቸውን ፍትሐት አደረሱለት።

ሐሙስ ጎሕ ሲቀድ ጣሊያን ወጣ። በትልቁ መንገድ የመጣው ጥቂት ነበር። ግራዝማች ተስፋው መንገዱን ይዘው ሲጠብቁ ብዙው በወንዙ ሥር ዞሮ ከኋላቸው ገባ። ከአርባው አሥራ ዘጠኙ ወደቁ፤ ግራዝማችም ከነሱ ጋር። ከወንዙ የተመለሰ አንድ ቁስለኛ መጀመሪያ የጠየቀው የይሄይስ መቃብር የት እንደሆነ ነው። ሄዶ ተደፍቶ አለቀሰ። ከዚያ በኋላ ሕዝቡ አጽሙን አንሥቶ ወደ ቅጥሩ አስገባው፤ ባንዳ ያለውም ጀግና አለው። ለሱ ምን ሊረባው።

በአርባው ሀብትነሽ ደብሩ ውስጥ ከሥዕሉ ፊት ቆማ አገኘኋት።

«ሌላውን ዓይኑን ሣልለት» አለችኝ።

«ደርቋል እኮ፣ ሀብትነሽ። ካልፈነቀልሁት አይሆንም። ከፈነቀልሁት ደግሞ ምንም አይተርፍሽም።»

ሌላ የእሱ መልክ የላትም።

«እርጥብ ሳለ የኔታ ነግረውህ ነበር አሉ።»

«ነግረውኛል።»

ነጠላዋን ሰብሰብ አድርጋ ወጣች። ከዚያ ወዲህ በመንገድ ስንገናኝ ሰላም ትለኛለች። ቤቷ ግን ገብቼ አላውቅም።

ጣሊያን ወጣ፣ ንጉሡም ተመለሱ። ሜክሲኮ የጣሊያንን ወረራ አልቀበልም ካሉት ጥቂት አገሮች አንዷ ነበረች ሲሉ ሰማሁ፤ መምህሬ ትዝ አለኝ። በየዓመቱ መስከረም ሲጠባ በይሄይስ መቃብር ላይ ቢጫ አበባ እበትናለሁ፤ ሰው የሠዓሊው ዕብደት ይለዋል። ሥዕል አልተውሁም፤ ሌላ ሙያ የለኝም። ዛሬ ፍኖተ ሰላም በምንላት ከተማ፣ በየገጠሩም ሥያለሁ። አንድ ዓይን ግን ከዚያ ወዲህ ሥዬ አላውቅም። ይሁዳንም ሰይጣንንም በሁለት ዓይን ነው የምሥል። ካህናቱ ይቆጡኛል፤ ሁለት ደብር አባሮኛል። መምህሬ ቢያይ መልሶ ይስቅብኝ ነበር። የምሥላቸው ሁሉ ሥራ የላቸውም፤ ጻድቁም ኃጥኡም እኔን ነው የሚያየኝ። የማያየኝ ይሄይስ ብቻ ነው። እሱ እስከ ዛሬ ጎንበስ ብሎ ኖራውን ያያል።