የየኔታ ዝናቡ ጉልበት

አርዲቦ ሐይቅ ዳር ባለችው ደብር ሠላሳ አምስት ዓመት ዜማ ያስተማሩት የኔታ ዝናቡ በስድሳ ሦስት ዓመታቸው አንድ ነገር አቃታቸው፤ ከመሬት መነሣት። ባለፈው ዓመት ስቅለት ገና በሦስተኛው ስግደት ወድቀው ቀሩና ሁለት ጎረምሶች ብብታቸውን ይዘው አነሧቸው። እሱስ ባልከፋ። ማታ ሕዝቡ በተራ እየቀረበ፣ ጀርባው በወይራ ቅጠል ቸብ እየተደረገ የስግደት ቁጥር ሲቀበል፣ የገዛ ተማሪያቸው የነበረው ቄስ ትዕዛዙ "እርስዎ አባታችን ሆይ ይበሉ፣ ይበቃዎታል" አላቸው። በደግነት ነው ያለው። እሳቸው ግን ከቤተ ክርስቲያን በር የተመለሱ ያህል አንጀታቸው ቆሰለ።

ዘንድሮ እንደ ሰው ሰግጄ ቁጥሬን ካልተቀበልኩ ሞቼ ልገኝ አሉ። ሐኪም ቤት ሄደው "ዕድሜ ነው" ተብለው ተመልሰዋል። ልጃቸው ማርያማዊት ሐይቅ ከተማ አብደላ የሚባል የስፖርት መምህር መኖሩን፣ ጠዋት ጠዋት በግቢው ዕድሜያቸው የገፋ ሰዎችን እንደሚያሠራ ስትነግራቸው መጀመሪያ ተቆጡ። መሪጌታ ስፖርት ጀመረ ቢባል ለውጫሌ ገበያ ሳምንት የሚበቃ ወሬ ነው። ቢሆንም ዐቢይ ጾም በገባ በማግስቱ ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበው ሄዱ።

በግቢው ሁሉም የየራሱን ይሠራል። ትከሻው አልታዘዝ ያለው ባለሱቁ ኑርዬ እስከ ግማሹ ውኃ የተሞላ ጀሪካን ያነሣል፤ ወገቧን የሚያማት ረቢያ ግድግዳ ተደግፋ ቀስ እያለች ዝቅ ከፍ ትላለች። አብደላ ለአንዱ የሰጠውን ለሌላው አይሰጥም። የኔታንም ጉልበታቸውን ሳይነካ፣ ማሕሌት ላይ እንዴት እንደሚቆሙ እንዲያሳዩት ጠየቃቸው። መቋሚያቸውን ግራ ብብታቸው ሥር አድርገው ቆሙ። ዙሪያቸውን ዞሮ አየና ክብደታቸውን የሚሸከሙት መቋሚያውና ግራ እግራቸው መሆናቸውን፣ ቀኙ ግን ሥራ ፈትቶ መክሳቱን ነገራቸው። ሁለቱን ጭናቸውን በእጃቸው ጨበጥ ጨበጥ አድርገው ለኩ። እውነቱን ነው። ዕድሜ ልካቸውን የቆሙበትን እግር ይህ ሰው በአንድ እይታ አነበበው።

አብደላ ሰባት ጠፍጣፋ ድንጋይ አነባብረው መቀመጫ እንዲሠሩ፣ ያለ መቋሚያ ዐሥር ጊዜ ቁጭ ብድግ እንዲሉ፣ በየሳምንቱም አንድ ድንጋይ እንዲቀንሱ አዘዛቸው። ድንጋዩ ሲያልቅ የሚቀረው መሬቱ ነው።

የኔታ ግን የኔታ ናቸው፤ ዐሥር አነሰቻቸው። አርባ አንድ ካላደረሱ የጸለዩ አይመስላቸውምና ቤታቸው ሆነው አርባ አንድ አርባ አንድ ሠሩ፣ ያውም እህል ሳይቀምሱ። በሦስተኛው ቀን ጉልበታቸው አብጦ አልጋ ላይ ዋሉ።

አብደላ ይህን ሰምቶ ራሱ መጣ።

"የኔታ፣ ይኼ እኮ ንስሐ አይደለም" አላቸው። "ሥጋ የሚጠነክረው ሠርቶ ሲያርፍ ነው። እህል ከቀመሱ በኋላ ዐሥር ይሥሩና ይረፉ። የቀረውን አላህ ይሠራዋል።"

ታዘዙ። ከመሥራቱ ይልቅ ማረፉ ከበዳቸው። በአምስተኛው ሳምንት አንድ ቀን አመሻሽ ላይ ሲያስተምሩ ቆይተው ውኃ ሊጠጡ ወደ እንስራው ሄዱና ድንገት ቆም አሉ። መቋሚያቸው ከመቀመጫቸው አጠገብ ቀርቷል። እንዴት እንደ ተነሡ እንኳ አላወቁም። ጭናቸውን ቢጨብጡት ጠጠር ብሏል። ሥጋን ሲንቁትና ሲገሥጹት ነው የኖሩት፤ ለካ እሱም እንደ ዘገምተኛ ተማሪ ቀስ ብለው ቢያስጠኑት ዜማውን ይይዛል፣ በስድሳ ሦስት ዓመቱም ይማራል። የፈጠረው ጌታ ግሩም ሆነባቸውና በተማሪዎቻቸው ፊት እንባቸው ወረደ።

የመጨረሻዋ ድንጋይ የሆሳዕና ዕለት ተነሣች። ስቅለት ሲደርስ እነዚያ ሁለት ጎረምሶች ከኋላቸው ተዘጋጅተው ቆሙ፤ ሥራ ግን አላገኙም። የኔታ ዐሥር እየሰገዱ፣ እያረፉ ዋሉ። ማታ ተራቸው ደርሶ ሲቀርቡ ቄስ ትዕዛዙ ወይራውን እንደ ያዘ ጥቂት አመነታና ጀርባቸውን ቸብ አደረገ።

"አርባ አንድ" አለ።

የኔታ እንደ ሽልማት ተቀበሏት። ዐሥር ሰግደው ዐረፉ፤ ደግሞ ዐሥር፣ ደግሞ ዐሥር፣ ደግሞ ዐሥር። አርባ አንደኛዋ ላይ ግን ግንባራቸውን ከመሬት ሳያነሡ ቆዩ። ትዕዛዙ ደንግጦ ሊያነሣቸው ጎንበስ አለ።

"ተወኝ ልጄ" አሉት ከመሬቱ ሆነው፣ "መነሣቱንስ አውቄበታለሁ። እያመሰገንኩ ነው።"