ሽማግሌ የተላከበት ፍሬን

ዓባይ ማዶ ወዳለው የአገኘሁ ቤት ሽማግሌዎቹ ለሁለተኛ ጊዜ መጡ። የደንገል አየር መንገድ መካኒክ የሆነው አገኘሁ ገና ሲያያቸው የመጡበትን ቢገምትም በሩን ከፈተላቸው። ደጅ ላይ የቆመ ሽማግሌን እምቢ ማለት በዚህ አገር ማን ያውቅበታል?

መጀመሪያ የመጡት ክረምት ሲገባ ነበር። ያኔ አገኘሁ የአንዷን አውሮፕላን ፍሬን አይቶ «ሳይቀየር ለበረራ ብቁ ናት ብዬ አልፈርምም» አለ። ሥራ አስኪያጁ ምናሴ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ግን መለዋወጫው አልመጣ ብሎት፣ በረራ በተሰረዘ ቁጥር አለቆቹ እየጮኹበት፣ እሱም በተራው አገኘሁ ላይ ጮኸ። ተኳረፉ። መሥሪያ ቤቱም ፍሬኑን ትቶ ኩርፊያውን ሊጠግን ተነሣ፤ ሽማግሌ ላከ።

የሽማግሌዎቹ አለቃ የአገኘሁ የክርስትና አባት መሪጌታ ጥዑመ ልሳን ነበሩ። አገኘሁ «ነገሩ እኮ...» ብሎ ሲጀምር «ተው ልጄ፣ የፀብ ሥር አይቆፈርም። ስለ ጊዮርጊስ ብለህ ታረቅ» አሉት። ከምናሴ ጋር ተቃቀፉ፤ ምናሴማ አለቀሰ። በማግስቱ አገኘሁ ፍሬኑ ሳይቀየር ፈረመ። ከታረቁ ወዲያ ስለ ፍሬን ማንሣት ቂመኛ መባል ነውና አፉን ዘጋ።

ከዚያ አንድ ቀን አውሮፕላኗ በዝናብ ስታርፍ አልቆም ብላ ከመንደርደሪያው ወጣች። ተሳፋሪዎቹ ቆስለው ተረፉ፤ አብራሪው ዓምደ ሚካኤል ግን ሞተ። መሥሪያ ቤቱም «ጥፋቱ የአብራሪው ነው» ማለት ጀመረ።

አሁን መሪጌታ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ልጄ፣ ነገ የአደጋው መርማሪዎች ሲጠይቁህ የድሮውን ፀብ እንዳታነሣ የመሥሪያ ቤቱ አለቆች ለምነውናል። የሞተው አይመለስም፤ መሥሪያ ቤቱ ከተዘጋ ደግሞ የስንት ቤት እንጀራ ይቋረጣል።»

አገኘሁ ሊቆጣቸው ፈለገ፤ አልቻለም፤ እኒህን ሰው ይወዳቸዋል። እንባው ቀደመው።

«አባቴ፣ ስለ እርስዎ ብዬ ከምናሴ ጋር ታረቅሁ። ከፍሬኑ ጋር ማን አስታረቀኝ? አይሠራም ያልሁትን ፍሬን ፈረምሁበት፤ ሰው ሞተ። አሁን ደግሞ ሙት ወቃሽ ልሁን?»

«ፍሬን?» አሉ መሪጌታ። «የተጣላችሁት በፍሬን ነው?»

«በእሱ ነው።»

ሽማግሌው በዕድሜያቸው ስንቱን ሲያስታርቁ በምን ተጣላችሁ ብለው አለመጠየቃቸው ኩራታቸው ነበር። አብረዋቸው ከመጡት ሽማግሌዎች አንዱ «እንግዲህ ይቅር በል በሉትና እንሂድ» ሲል ግን ቀና አሉ።

«አይሆንም። ያን እርቅ እኔው አፍርሸዋለሁ» አሉ። «ነገ አብሬህ እገባለሁ ልጄ። ፊርማው የእሱ ነው፣ እጁን ይዤ ያስፈረምሁት ግን እኔ ነኝ እላቸዋለሁ። እኔን ማን እንደላከኝም ይጠይቁኝ።»