የሚትሱኪ ድርሻ

ደግሞ ቆቡን አጣሞታል፣ ይሄ ጌንታ የሚሉት ሆዳም ተማሪ፣ ምሳ የማደል ተራው ደርሶት ነጭ ሽርጥ አገልድሞ ጭልፋ ሲይዝ ቀዶ ሐኪም የሆነ ይመስለዋል፣ ለጓደኛው ሥጋ ሥጋውን እየመረጠ ለማይወደው መረቅ ያንቆረቁራል፣ መምህርት ኩራሞቺ ከጠረጴዛዋ ሆና ሁሉንም ታያለች፣ ታይና ዝም ትላለች፣ ምን አገባት። ካሪ። ሩዝ በካሪ ወጥ፣ ወተት፣ የጎመን ሰላጣ፣ ክሬም ካራሜል። አምስተኛ ክፍል ተሰልፎ ሳህኑን ይዘረጋል፣ እሷም ያንኑ ትበላለች፣ ስንት ዓመት ሙሉ፣ የአሥር ዓመት ልጅ ምሳ።

በድምፅ ማጉያው አንዲት የስድስተኛ ክፍል ልጅ፣ አፍንጫዋን የያዟት ይመስል፣ የዛሬው ካሮት የበቀለው በከተማችን ነው ትላለች፣ እና፣ የትም ይብቀል። ርእሰ መምህሩ ልጆቹ ገና ሒሳብ ላይ ሳሉ ቢሯቸው ቁጭ ብለው ቀድመው በልተዋል፣ ደንብ ነው፣ ምግቡ የተበላሸ እንደሆነ መጀመሪያ እሳቸውን ይመማቸው ተብሎ፣ እሳቸው ግን ጦር ሜዳ እንደዋለ ሰው ነው የሚያወሩት፣ ዛሬም ደረጃው ላይ ከንፈራቸውን እየጠራረጉ፣ ካሪው ግሩም ነው ኩራሞቺ፣ የዚያች ልጅ ነገርስ፣ የሚትሱኪ፣ እየሞከርኩ ነው ጌታዬ፣ ትላቸዋለች፣ መንፈቀ ዓመቱ ሳይዘጋ ብትመለስ ደስ ይለኛል፣ ይላሉ፣ አለዚያ ለሚመጣው ዓመት ክፍል ስንመድብ፣ አልጨረሱትም። ሰውን ክፍሉን ሊነጥቁ ሲያስቡ ዓረፍተ ነገር አይጨርሱም።

ሚትሱኪ። አዲሱ ክፍል ተጀምሮ ወር ሳይሞላ የቀረች። ማንም አልመታት፣ ማንም አልሰደባት፣ አንድ ጠዋት ሆዴን አለች፣ በቃ። ዛሬም ሆዷን አሟታል፣ ይቅርታ መምህርት፣ ትላለች እናትየዋ በስልክ በዚያ በሟሟ ድምፅዋ፣ የዘመኑ እናት፣ ልጇን ካልጋ ማስነሣት ያቃታት። በየዓርቡ ኩራሞቺ የቤት ሥራውንና የሚቀጥለው ሳምንት ምሳ የተጻፈበትን ወረቀት ይዛ በራቸው ላይ ትቆማለች፣ ልጅቷ ፎቁ ደረጃ ላይ ትቀመጣለች፣ ቢጫ ካልሲዋ ብቻ ይታያል፣ ኩራሞቺም ወደ ካልሲው አንጋጣ፣ ወንበርሽ እንዳለ ነው የኔ ልጅ፣ ምሳሽም በየቀኑ ይመጣል፣ ማንም አይነካብሽም፣ ይጠብቅሻል። ለካልሲ የተደረገ ንግግር። እናትየዋ አጠገቧ ቆማ እንባዋን ትጠርጋለች፣ ምኑ ያስለቅሳል።

ምሳው መምጣቱስ ይመጣል፣ ርእሰ መምህሩ ድርሻዋ እንዳይሰረዝ ብለዋል፣ መጠበቁ ነው የሌለው። ካሪው ድጋሚ ለሚጠይቁ ይጨመራል፣ የሷን ክሬም ካራሜል ግን ለሁሉም ማካፈል ስለማይቻል በድንጋይ፣ ወረቀት፣ መቀስ የእጅ ጨዋታ ይጣሉበታል፣ የልጅቷን ፊት ረስተውታል፣ ድርሻዋን ግን ጠንቅቀው ያውቃሉ፣ ጅቦች። እጃቸውን ገጥመው እንደ ማዕድ ጸሎት ተቀብለናል ይላሉ፣ ምኑን እንደተቀበሉ ሳያስቡት፣ ከዚያ ጉሮሮና ማንኪያ ብቻ።

ቲቸር፣ እርስዎም ጨዋታው ይግቡ፣ ይላሉ ልጆቹ፣ ሞሪዋኪ ቲቸር ሁሌ ይጫወታል እኮ። ሞሪዋኪ። የጎን ክፍሉ አስተማሪ፣ ግድግዳውን ጥሶ የሚመጣው የሱ ሣቅ ነው፣ ትናንት ተቀጥሮ፣ ከልጅ ጋር እየተላፋ፣ ተወዳጅ አስተማሪ ይሉታል። እሷ ገብታ አታውቅም፣ ምን ወርዷት፣ ዛሬ ግን ያ ያልተጨረሰ ዓረፍተ ነገር ጆሮዋ ውስጥ አለ፣ ተወዳጅ ሰው ክፍል አይነጠቅም፣ እሺ፣ ትነሣለች፣ ክፍሉ ይጮኻል። እየተሸነፉ አንድ በአንድ ከጨዋታው ይወጣሉ፣ ከጌንታ ጋር ትቀራለች፣ ጌንታ ሁልጊዜ ድንጋይ ነው የሚያወጣው፣ ጭንቅላቱም ያው ነው፣ ወረቀት ትዘረጋለች፣ ወረቀት ድንጋይን ይሸፍናል፣ አሸነፈች። ኧረ ቲቸር፣ ይላል አንዱ፣ አሁን ይሄን ቢለቁለት ምን ነበረበት። አልለቅም።

የራሷን ቀድማ ጨርሳለች፣ ጣፋጭ በመጨረሻ የሚለውን ደንብ ያወጣችው ራሷ ናት፣ ደንቡ ለልጆች ነው። ሁለተኛውን ትከፍታለች። ማንኪያው ይሰጥማል፣ ደስ ይላል፣ ለምን ትዋሻለች፣ ያሸነፉት ነገር ይጣፍጣል፣ አንድ ጉርሻ፣ ሁለት፣ በሩ ይንሸራተታል።

ቢጫ ካልሲ።

መጀመሪያ ያወቀችው ካልሲውን ነው። ቦርሳዋን እንዳዘለች ሚትሱኪ በሩ ላይ ቆማለች፣ ከኋላዋ የእናትየዋ ግማሽ ትከሻ፣ በልጅቷ እጅ አራት የታጠፈ የምሳ ወረቀት፣ ዛሬ ምን እንዳለ አንብባ የመጣች፣ ክሬም ካራሜል ብላ የመጣች። ተነሺ፣ ኩራሞቺ፣ አንድ ነገር በዪ፣ ትላለች በልቧ፣ አፏ ሙሉ ነው።

ድስቱ ባዶ ነው፣ ይላል ጌንታ። ሳህን አምጡ፣ አንድ አንድ ማንኪያ። ማንም አላዘዘውም፣ የአንዱ ምሳ ሲደፋ ሁሌ የሚያደርጉት ነው፣ ሳህኑ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ይዞራል፣ ያ ስስታም ሁሉ ከድርሻው ይቀንሳል፣ ካሪ፣ ሩዝ፣ ጌንታ ከራሱ ሳህን ሥጋ ሥጋውን ይጨምርላታል፣ ነይ ግቢ፣ ይቀዘቅዝብሻል። ልጅቷ ትገባለች። ትቀመጣለች። ኩራሞቺ በወሬ ያልቻለችውን ልጁ በጭልፋ።

ከዚያ ሚትሱኪ የመምህርቷን ጠረጴዛ ታያለች። ሁለት የክሬም ካራሜል ኩባያ፣ አንዱ ባዶ፣ አንዱ ማንኪያ የተተከለበት።

ቲቸር፣ ትላለች፣ ድምፅዋ እንዲህ ወፍራም መሆኑን ማን ያውቃል፣ ይጠብቅሻል ብለውኝ ነበር።

ኩራሞቺ ማንን ትናቅ አሁን፣ እናትየዋን፣ ርእሰ መምህሩን፣ በግድግዳው ወዲያ የሚሥቀውን ሞሪዋኪን፣ ሁሉንም በልቧ ትጠራቸዋለች፣ አንዱም አይመጣላትም፣ ታፍራለች፣ ጆሮዋ ድረስ ታፍራለች። ጌንታ ያልተከፈተ ክሬም ካራሜሉን በልጅቷ ሳህን ጎን ያኖራል፣ ብዪ፣ እኔ አልወደውም። አልወደውም ይላል፣ እሱ። ሚትሱኪ ትከፍተዋለች፣ ካሪው ሳይነካ፣ ጣፋጩን አስቀድማ፣ ደንቡን የሚያስታውስ የለም። ነገስ ምንድን ነው ምሳው፣ ትላለች፣ መምህርቷን አይደለም፣ ጌንታን። ዓሣ፣ ይላታል፣ ይቀፋል፣ ግን ነይ።

ኩራሞቺ አፏ ውስጥ ያለውን ገና አልዋጠችም።