የጋሼ ሽፋን

መሐንዲሷ የመዳቡን ዝርግ ከፈላው ውሃ አውጥታ መብራት ስር ስታገላብጠው ወሽመጧ ቁርጥ አለ። ሽፋኑ ዛሬም ተላጧል።

ሽፋኑ የጋሼ ነው። ጋሼ የቤተ ሙከራው አንጋፋ ተመራማሪ ናቸው፤ ዕድሜያቸውን የፈጁት በአንድ ችግር ላይ ነው። ውሃ በጋለ ብረት ላይ ሲፈላ አረፋው እየበዛ ይገጥምና ብረቱን በእንፋሎት ይጋርደዋል። ያኔ ውሃው ብረቱን መንካት ያቅተዋል፤ ብረቱም የሚያቀዘቅዘው አጥቶ ይቃጠላል። እሳቸው መዳቡን በቀቡት ስስ ሽፋን ውስጥ ግን ውሃው በጥቃቅን ቀዳዳዎች እየሰረገ ከአረፋው ስር ይገባል። በመጀመሪያው ሙከራ መዳቡ የድሮውን እጥፍ ሙቀት ሲችል፣ ጡረታ አፋፍ ላይ ያሉት ሰውዬ እንደ ልጅ አጨብጭበው ነበር።

ችግሩ ማፍላቱ ሲደጋገም ነው። መሐንዲሷ አቀባቡን ቀየረች፣ የማድረቂያውን ሙቀት ከፍ ዝቅ አደረገች፤ ወይ ፍንክች! ቤት ስትገባ ባሏ፣ «ዛሬስ ውሃው ምን አለሽ?» እያለ ሊያስቃት ይሞክራል። እሷ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ ሶፋው ላይ እንቅልፍ ይጥላታል።

ዝርጉን ይዛ ጋሼ ቢሮ ገባች።

«ተላጠ?» አሉ ገና ፊቷን ሲያዩ።

«ተላጠ፣ ጋሼ። ያላደረግኩት ነገር የለም።»

መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን አሹ። «እንደማይዝ ከጠረጠርኩ ቆየሁ፣ ልጄ።»

«ታዲያ ምነው ዝም አሉኝ? ስለፋ እያዩ!»

«ፈርቼ ነዋ። ሌላ የሠራሁት ነገር የለኝማ።»

ልትቆጣ ፈልጋ ነበር፤ መቆጣትም አቅም ይጠይቃል። ሳይጋብዟት ወንበር ስባ ተቀመጠች። ዝርጉን ጠረጴዛቸው ላይ አኖረችው።

«መቀባቱን ትተን፣ ውሃው እንዲሰርግ መዳቡን ራሱን ቦይ ቦይ አድርገን ብንፍቀውስ?» አለች በመጨረሻ።

«እጥፍ አይደርስም።»

«አይደርስም። ግን የሚላጥ ነገር የለውም።»

ጋሼ ዝርጉን ለረጅም ጊዜ ሲያዩት ቆዩና፣ «ይፋቅ» አሉ።

ተፋቀ። እንዳሉትም እጥፍ አልደረሰም፤ የሽፋኑን ግማሽ ያህል ጥቅም ሰጠ። ቢያፈሉት ቢያፈሉት ግን ንቅንቅ አላለም። ማንም አላጨበጨበም። መሐንዲሷ ደስ ሊላት ይገባ ነበር፤ የተሰማት ግን ቆማ ከመዋሏ የመጣ የእግሯ ህመም ብቻ ነው።

የዚያን ቀን ጋሼን በመኪናዋ ሸኘቻቸው። መንገድ ላይ እንቅልፍ ወሰዳቸው።

«ጋሼ፣ ደርሰናል» አለች በራቸው ላይ መኪናዋን አቁማ።

«ቆይ እስቲ ትንሽ» አሉ፣ ዓይናቸውን ሳይገልጡ።

ሞተሩን አጠፋችና እሷም ራሷን ወንበሩ ላይ አስደገፈች።