ለሁለት ደጅ የተሳለ አንድ ራስ

አላሜሉ ጠጉሯን ለሁለት ደጅ ተስላዋለች። ራሷ ግን አንድ ነው።

ሆን ብላ አይደለም። ልጇ ኩዪሊ ሆስፒታል ገብታ ሁለት ቀን ስታምጥ፣ አላሜሉ ኮሪደሩ ላይ ቆማ የሂንዱ አምላኳን «ሙሩጋን ሆይ፣ ልጄን በሰላም ገላግልልኝ፤ ፓላኒ ተራራህ ድረስ መጥቼ ጠጉሬን እላጭልሃለሁ» አለች። ግማሽ ሰዓት ጠበቀች። ምንም የለም። ይሄኔ ክርስቲያኗ ጎረቤቷ አሮክያ የቬላንካኒዋን ማርያም ሥዕል በእጇ አስያዘቻት። አላሜሉም ያንኑ ጠጉር ቬላንካኒ ቤተ ክርስቲያኗ ሄዳ ልትላጭ ለማርያም ደግማ ተሳለች። ሥዕሉን ሳትመልስ የሕፃን ልቅሶ ተሰማ።

አሁን ሕፃኑ ሦስት ወር ሊሞላው ነው። ዓርብ የኩዪሊ አማቾች መጥተው እናትና ልጁን ወደ ቤታቸው ይወስዳሉ። አላሜሉን ያስጨነቃት ይኸው ነው። ስእለቱ ሳይገባ ልጁ ከደጃፏ ወጥቶ አንድ ነገር ቢያገኘው ጥፋቱ የማን ነው?

«እግዜር አንድ ነው ስትዪ አይደል የምትውዪው?» አላት ባሏ ሱዳላይ። «አንዴ ተላጪና ተገላገይ!»

«እሱማ አንድ ነው። ሁለት የሆነው የእኔ ቃል ነው። አንተስ አንድ ሰው አይደለህ? ጠዋት ኢድሊ፣ ማታ ዶሳ አበላሃለሁ ብዬ ኢድሊውን ብቻ ሰጥቼህ ብተኛ ዝም ትለኛለህ?»

ሱዳላይ ራሰ በራውን አሻሸ።

«ያንተን እንኳ እንዳልበደር» አለችው እያየችው።

ወጥታ አሮክያን በአጥሩ ላይ ጠራቻት። «ነይ እስቲ። ያንቺዋ ብትቆይ ትቀየመኛለች?»

«የእኔዋ እናት ናት፤ የእናት ጭንቀት ይገባታል። ጠጉርሽ እስኪያድግ ትጠብቅሻለች።»

«እንዴት አድርጌ? ለእኔ እንግዳ ናት እኮ። ጠርቼ አስቸግሬያት ደጅ ላስቆማት?»

«እንግዲያው ሙሩጋን ይጠብቅ።»

«እሱ? ወላጆቹ ለወንድሙ ፍሬ ሰጡብኝ ብሎ አኩርፎ ተራራ የወጣውን ልጅ ነው ነገ ና የምለው?»

«ታዲያ ምን ልታደርጊ ነው?»

«እኩል አካፍላቸዋለሁ።»

አሮክያ በሳቅ አጥሩን ይዛ ቀረች። ሳቋ ሲያልቅ ግን አብሬሽ እሄዳለሁ አለች።

ረቡዕ ፓላኒ ደረሱ። አላሜሉ ጠጉር ላጩ ፊት ተቀመጠችና «ግማሹን ብቻ» አለች።

«እናቴ፣ ሃያ ዓመት ስላጭ ግማሽ ያዘዘኝ ሰው የለም። ሌላው የማን ነው?»

«የቬላንካኒዋ ማርያም።»

ላጩ ምላጩን አስቀምጦ ማበጠሪያ አነሣ። «እንዲህማ ከሆነ ድንበሩ በደንብ ይታይ። የሰው ድርሻ ውስጥ አልገባም።» ጓደኛውን ጠርቶ መስመሩ ከአፍንጫዋ ጋር ትክክል መሆኑን አስመሰከረ። ከዚያ ግራውን ላጭቶ በሰንደል እንጨት ብጥብጥ ቀባት።

አውቶቡሱ ውስጥ ነፋሱ የሳሪዋን ጫፍ ከራሷ ላይ ገፈፈው። ትኬት ቆራጩ ደንግጦ አያት።

«እናቴ፣ ሥራው ሳያልቅ ነው እንዴ የተነሡት?»

«የቀረውን የሚጨርሰው ቬላንካኒ ነው ያለው። ይልቅ ሹፌሩን ፍጠን በለው!»

ሐሙስ ጠዋት የቬላንካኒው ላጭ ራሷን ዞሮ ዞሮ አየና ከግራ ጆሮዋ ኋላ ጣቱን አሳረፈ።

«እዚህ ጋ የፓላኒው ሰው አንዲት ቁንጮ ረስቷል። ይቺስ የማን ናት?»

አላሜሉ በጣቷ ዳሰሰቻት። የሙሩጋን ናት። የሙሩጋንን ለማርያም ብትሰጥ እሱ ያኮርፋል። ትታት ብትሄድ ደግሞ ሙልጭ ብላ አልተላጨችም። ፓላኒ መመለስ? ዓርብ ነገ ነው።

«አሮክያ፣ ምን ይሻለኛል?»

«የእኔዋ አትቀማም፤ አደራ ታስቀምጥለታለች።»

አላሜሉ ዐይኗን ጨፍና አሰበች። ሁለቱ የማይተዋወቁ ቢሆኑ ያን ቀን አንዱን ሕፃን ተቀባብለው እንዴት ያዋልዱ ነበር? አንዱ ጀመረ፣ አንዷ ጨረሰች።

«ላጫት» አለች። «እነሱ እዚያ ላይ ይተሳሰባሉ።»

ምላጩ አለፈ። ወዲያው ስልክ አውጥታ ልጇ ጋ ደወለች።

«አማቾችሽ ይምጡ። ልጁን ማንም የሚጠይቀው ነገር የለም።»

«እማዬ፣ ራስሽስ?»

«በረደኝ» አለች አላሜሉ።